ድምፅ ብልጫ ብቻውን የማይፈታው፦ ከደቡብ አፍሪካ የድርድር ዓመታት

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ደረጃ የዜግነት ትምህርት መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ አጥጋቢ መልስ ልሰጣቸው አልቻልኩም። ዴሞክራሲ ማለት ብዙ ድምፅ ያገኘ ይወስናል ማለት ከሆነ የምክክር ጉባኤ፣ የሰላም ኮሚቴ፣ የጋራ መንግሥት የሚባሉት ለምን ያስፈልጋሉ? የተሸነፈውን ማባበያ ብቻ አይደሉም ወይ? በእንዲህ ዓይነት ተቋም የምር ግጭት የፈታ አገር ካለስ ምን ስለነበረው ነው የተሳካለት?»

ምላሽ፦

መምህር፣ «ማባበያ» የምትለዋን ቃል ልቀበላት። ከእነዚህ ተቋማት ሥራ ትልቁ ክፍል ተሸናፊን ማባበል ነው። ነውር ነው በሚለው ላይ ግን አልስማማም። በምርጫ የተሸነፈ ወገን በሚቀጥለው ዙር አሸንፋለሁ ብሎ ካመነ ቤቱ ገብቶ ለቀጣዩ ይዘጋጃል። መቼም እንደማያሸንፍ ካወቀ፣ ወይም አሸናፊው ደንቡን ራሱን ይለውጥብኛል ብሎ ከፈራ ግን የድምፅ ቆጠራው ለእሱ የፍርድ ቀን ነው። ያን ጊዜ ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን ያነሣል፣ የሌለው ይሰደዳል ወይም ቂሙን ይዞ ያደባል። ግብር ስንት ይሁን፣ መንገዱ በየት ይለፍ የሚለውን ድምፅ ብልጫ ይፈታዋል። ማን ይቁጠር፣ በምን ደንብ ይቆጠር፣ እኛስ ከቆጠራው በኋላ በዚህ አገር ቦታ አለን ወይ የሚለውን ግን በቆጠራ መፍታት አይቻልም። የመግባባት ተቋማት የሚያስፈልጉት ለእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ምሳሌዬን በሙሉ ከደቡብ አፍሪካ አደርጋለሁ ማለት ይቻላል፤ ቱኒዚያንና ሰሜን አየርላንድን ወደ መጨረሻው በአጭሩ አነሣለሁ። የብዙ አገር ስም መደርደር ተማሪን ያደክማል እንጂ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አያሳየውም። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በየካቲት 1990 የነጮቹ መንግሥት ፕሬዚዳንት ደ ክለርክ ለጥቁሮች መብት ይታገል የነበረውን የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስን (ኤኤንሲን) እገዳ አነሡ፤ ማንዴላም ከእስር ወጡ። ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያየው ታሪኩ ከዚያ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ምርጫው የሄደ ይመስላል። አልነበረም። ከ1990 እስከ 1994 ባለው ጊዜ ብቻ ወደ 14 ሺህ ሰው በፖለቲካ ግጭት ሞቷል፤ ደሙ በብዛት የፈሰሰው ድርድሩ ከተጀመረ በኋላ ነው ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ሁሉም ሰው አንድ ሰው አንድ ድምፅ በሚል ምርጫ ቢካሄድ ማን እንደሚያሸንፍ ያውቃል። ለነጮቹ ገዢ ናሽናል ፓርቲም ሆነ በዙሉ ብሔር ውስጥ መሠረት ላለው የቡተሌዚ ፓርቲ ለኢንካታ የቆጠራው ውጤት አስቀድሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ ትግሉ ሁሉ ከቆጠራው በፊት ባለው ጊዜ ላይ ተከማቸ፤ በክዋዙሉ ናታልና በጆሃንስበርግ ዙሪያ ባሉ የጥቁሮች ሰፈሮች ሰው በሰልፍ፣ በባቡር፣ በቀብር ላይ ይገደል ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ። በግንቦት 1991 ደ ክለርክ የሰላም ጉባኤ ጠሩ። ኤኤንሲ አልመጣም። መንግሥት ራሱ የግጭቱ አካል ነው፣ ፖሊሱም ተከሳሽ ነው፣ ተከሳሽ ደግሞ የዳኛ ወንበር ይዞ ሰው አይጠራም የሚል ነበር ክርክሩ። ጉባኤው እንደዚያው ከሸፈ። በሚቀጥለው ወር ግን አብያተ ክርስቲያናትና የንግድ ሰዎች በጋራ ጠሩ፤ ኤኤንሲም መጣ። አጀንዳው ያው ነው፣ ሰዎቹም እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ጠሪው ነው። ከዚያ የወጣው ብሔራዊ የሰላም ስምምነት መስከረም 14 ቀን 1991 ጆሃንስበርግ ላይ ተፈረመ። በእኔ ግምት ከደቡብ አፍሪካ ተሞክሮ ሌሎች አገሮች ሳያጠኑት ያለፉት ትልቁ ክፍል ይኸው ነው። ሁሉም የሚያወራው ስለ ማንዴላና ደ ክለርክ ነውና።

ስምምነቱ ለፓርቲዎችም ለፖሊስም የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ። ሁከትን የሚመረምር፣ በዳኛ ሪቻርድ ጎልድስቶን የሚመራ ኮሚሽንም የሥራው አካል ሆነ። ዋናው ግን ከታች ያለው ነበር፤ በየክልሉና በየአካባቢው የሰላም ኮሚቴ ተቋቋመ፣ በ1994 የአካባቢዎቹ ኮሚቴዎች ከሁለት መቶ በላይ ደርሰው ነበር። በአንድ ኮሚቴ ውስጥ የኤኤንሲው ተወካይ፣ የኢንካታው፣ የፖሊስ አዛዡ፣ ቄሱ፣ ነጋዴውና የአካባቢው አስተዳደር ሰው አብረው ይቀመጣሉ። የሚነጋገሩት ስለ ነገዪቱ ደቡብ አፍሪካ ራእይ አይደለም። ቅዳሜ ሰልፍ አለ፤ በየትኛው መንገድ ይለፍ? የኢንካታ ሰዎች በሚኖሩበት የወዛደሮች መኖሪያ አጠገብ እንዳያልፍ ቢደረግስ? አስተናባሪዎቹ ስንት ናቸው? ፖሊስ ከስንት ሜትር ይቁም? በሰልፉ ቀን የሠለጠኑ ታዛቢዎች የመገናኛ ሬዲዮ ይዘው በሁለቱ ወገን መካከል ይቆማሉ፤ ወሬ ሲነሣ እውነት መሆን አለመሆኑን ለሁለቱም መሪዎች በደቂቃ ውስጥ ያደርሳሉ። ግጭት ከሚቀሰቀስባቸው ምክንያቶች አንዱ ያልተጣራ ወሬ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም።

ኮሚቴዎቹ ግድያውን አቆሙት? አላቆሙትም። ከተፈረመም በኋላ ሟቹ እየጨመረ የሄደባቸው አካባቢዎች ነበሩ። ይህን የሚያነሡ ተቺዎች ልክ ናቸው። ነገር ግን ኮሚቴዎቹ ሌላ ጥቅም ሰጡ፤ ላይኛው ድርድር በፈረሰ ቁጥር ታችኛው አብሮ አልፈረሰም። የኤኤንሲና የኢንካታ መሪዎች በማይነጋገሩበት ወቅት እንኳ በአካባቢ ደረጃ ስልክ የሚደዋወሉ ሰዎች ነበሩ። ይህ በቁጥር አይለካም፤ ቢሆንም ከዚያ በኋላ የመጣውን ያለ እሱ ማስረዳት ይቸግረኛል።

ወደ ላይኛው ልሂድ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1991 ኬምፕተን ፓርክ በሚገኘው የዓለም ንግድ ማዕከል 19 ፓርቲዎችና አካላት ተሰበሰቡ፤ ኮዴሳ የሚባለው ጉባኤ ይህ ነው። ውሳኔ የሚያልፈው ሁሉም ሲስማማ ነበር፤ ሁሉም ካልተስማማ ደግሞ «በቂ መግባባት» ተገኝቷል ከተባለ። በቂ የሚባለው ስንት ነው? በወረቀት ቁጥር አልነበረውም። በተግባር ግን የታወቀ ነበር፤ ኤኤንሲና መንግሥት ከተስማሙ በቂ ነው፣ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ አይበቃም። ነገሩ እንዲንቀሳቀስ ያደረገው ይህ ደንብ ነው፤ አለዚያ ከ19ኙ ትንሹ ፓርቲ ሁሉንም ያግት ነበር። ኢንካታን ያስቆጣውና በኋላ ከድርድሩ ውጪ የገፋውም ይኸው ደንብ ነው። ተማሪዎችዎ ሁለቱንም አብረው ይያዙት፤ እያንዳንዱ የመግባባት ደንብ ከጀርባው «ያለ ማን ስምምነት መቀጠል ይቻላል?» የሚል ያልተጻፈ መልስ አለው።

ኮዴሳ በግንቦት 1992 ተሰናከለ። የተሰናከለበት ነጥብ ለውጭ ሰው አስቂኝ ይመስላል፤ አዲሱ ሕገ መንግሥት በ70 ወይስ በ75 በመቶ ድምፅ ይጽደቅ የሚል ነው። አምስት በመቶ! ስሌቱን ሲሠሩት ግን አያስቅም። መስፈርቱ 75 ከሆነ ከሩብ በላይ መቀመጫ ያለው ሁሉ ማገድ ይችላል፤ ናሽናል ፓርቲ ከአጋሮቹ ጋር ያንን እደርስበታለሁ ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። የተከራከሩበት ቁጥር የሚመስለው ነገር የእገዳ ሥልጣን ነበር። ከወር በኋላ ሰኔ 17 ቀን ቦይፓቶንግ በተባለ ሰፈር 45 ሰዎች ተገደሉ፤ ገዳዮቹ በአቅራቢያው ካለ የኢንካታ ደጋፊዎች ከሚበዙበት የወዛደሮች መኖሪያ የመጡ ነበሩ። ኤኤንሲ ድርድሩን ጥሎ ወጣ።

እንዴት ተመለሱ? በጉባኤ አይደለም። የኤኤንሲው ሲሪል ራማፎሳና የመንግሥቱ ሮልፍ ሜየር ካሜራ በሌለበት መገናኘታቸውን ቀጠሉ፤ በመስከረም 26 ቀን 1992 የጋራ መግባቢያ ሰነድ ወጣ። ግልጽነትን የሚወድ ሰው ይህን ላይወደው ይችላል፤ እኔም በጥቂቱ ይከብደኛል። ግን ሰው በአደባባይ ከያዘው አቋም በአደባባይ ማፈግፈግ አይችልም፤ ደጋፊው ሸጥከን ይለዋል። ጥሩ ተቋም ለምሥጢር ንግግርም ለይፋ ማጽደቂያም ቦታ አለው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ደ ክለርክም ቢሆኑ የራሳቸውን ወገን ይዘው ለመሄድ በመጋቢት 1992 ነጮች ብቻ የሚሳተፉበት ሕዝበ ውሳኔ አድርገው 68.7 በመቶ «ይቀጥል» አስብለው ነበር። በኤኤንሲ በኩል መፋጠጡን የሰበረው ሐሳብ የመጣው ከማይጠበቅ ሰው ነው፤ ከኮሙኒስቱ ጆ ስሎቮ። ሥልጣን ለተወሰነ ዓመት እንጋራ፣ የድሮውን መንግሥት ሠራተኞች ሥራና ጡረታ እንጠብቅላቸው፣ ጊዜው ሲያልቅ ዝግጅቱ በራሱ ይክሰም አሉ። ጦሩና ቢሮው በነማን እጅ እንዳለ ያውቁ ነበር። ጡረታው የሚቀርበት ኮሎኔል ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

በ1993 የተመለሰው ድርድር ሰፋ፤ 26 አካላት ሆኑ። አሠራሩም ተለወጠ፤ እንደ ኮዴሳ የፓርቲ ልዑካን ተሰብስበው ከባዶ ወረቀት ከሚጨቃጨቁ ይልቅ የባለሙያ ኮሚቴዎች ረቂቅ ያዘጋጁና ፓርቲዎቹ በረቂቁ ላይ ይከራከሩ ተባለ። የክርክሩን ድምፅ ዝቅ ያደረገው ይህ ይመስለኛል። የሴቶች ድርጅቶች በወተወቱት መሠረትም በተደራዳሪ ምክር ቤቱ ከእያንዳንዱ ልዑክ አንዷ ሴት እንድትሆን ተወሰነ። በዚሁ መሐል፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1993፣ የኮሙኒስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ ክሪስ ሃኒ በነጭ አክራሪ ተገደለ። አገሪቱ ልትነድ ነበር። ማንዴላ፣ ገና ምንም ሥልጣን ሳይኖራቸው፣ በቴሌቪዥን ቀርበው ሕዝቡን አረጋጉ። ተደራዳሪዎቹም ግድያውን ለመውጣት ምክንያት አላደረጉትም፤ በተቃራኒው ምርጫው ሚያዝያ 27 ቀን 1994 ይሁን ብለው ቀን ቆረጡ። በ1992 ግድያ ድርድሩን አፈረሰ፣ በ1993 ግድያ ድርድሩን አፋጠነ። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ተደራዳሪዎቹ በመካከሉ ባሉት ወራት የሠሩት ሥራ ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስኩ። ትልቁ ጠብ «ሕገ መንግሥቱን ማን ይጻፍ?» የሚል ነበር። ኤኤንሲ በሕዝብ የተመረጠ ጉባኤ ይጻፈው ይላል፤ በዴሞክራሲ መርህ ትክክል ነው። ናሽናል ፓርቲ ከምርጫ በፊት ሁሉም ፓርቲ በእኩል ተቀምጦ ይጻፈው ይላል፤ አብላጫው ይውጠኛል ብሎ ለሚፈራ ወገን ይህም ትክክል ነው። መሐሉን መግመስ አይቻልም። መፍትሔው በሁለት ደረጃ መሥራት ሆነ። ያልተመረጡት ተደራዳሪዎች ጊዜያዊ ሕገ መንግሥትና 34 የማይጣሱ መርሆችን ይስማሙ፤ ከዚያ ምርጫ ይደረግ፤ የተመረጠው ጉባኤ የመጨረሻውን ሕገ መንግሥት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጻፍ፤ አዲስ የሚቋቋም ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ደግሞ ጽሑፉን ከ34ቱ መርሆች ጋር አመሳክሮ ካላረጋገጠ በቀር አይጽና። ጉባኤው ሁለት ዓመት ተሰጠው፤ ሁለት ሦስተኛ ካልተገኘ ነገሩ ወደ ሕዝበ ውሳኔ ሄዶ 60 በመቶ ያስፈልገዋል።

ፍርድ ቤቱ ለጌጥ አልነበረም። ጉባኤው በግንቦት 8 ቀን 1996 ሕገ መንግሥቱን በ421 ድጋፍ፣ በ2 ተቃውሞና በ10 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀው፤ ኢንካታ በቦታው አልነበረም። እንዲህ ባለ አብላጫ የጸደቀን ሰነድ ማን ይነካል? ፍርድ ቤቱ በመስከረም መልሶ ላከው። ካነሣቸው ነጥቦች አንዱ ለክልሎች የተሰጠው ሥልጣን በመርሆቹ ቃል ከተገባው ያነሰ ነው የሚል ነበር። ጉባኤው አስተካክሎ መለሰ፣ በታኅሣሥ ጸደቀ፣ ማንዴላ ታኅሣሥ 10 ቀን ሻርፕቪል ላይ ፈረሙ። ምርጫውን አሸንፎ ገዢ የሆነው ኤኤንሲ 62 በመቶ ድምፅ ይዞ፣ ከአጋር ጋር ሁለት ሦስተኛ ማግኘት እየቻለ፣ «ሕዝብ መርጦናል» ብሎ ፍርድ ቤቱን አልረገጠም። ተሸናፊው ወገን በምርጫው ማግሥት ሊያጣው ይችል የነበረውን ዋስትና ያገኘው እዚህ ነው፤ ከወዳጅነት ሳይሆን በፍርድ ቤት መዝገብ።

ኢንካታን እንዳልረሳ። የምርጫው ቀን በ«በቂ መግባባት» ሲወሰን በሐምሌ 1993 ጥሎ ወጣ፤ በክዋዙሉ ናታል ጦርነት ሊሆን ነው ተባለ። ቡተሌዚ የተመለሱት ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሚያዝያ 19 ቀን ነው፤ ያግባቧቸው ኬንያዊው ፕሮፌሰር ዋሺንግተን ኦኩሙ ናቸው። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ አስቀድሞ ታትሟል። ምን ይደረግ? የኢንካታን ስምና የቡተሌዚን ፎቶ የያዘ ተለጣፊ ታትሞ በየወረቀቱ ግርጌ ተለጠፈ። ጥብቅ የምርጫ ባለሙያ ይህን ቢሰማ ራሱን ይይዛል። እኔ ግን ከዓመቱ ታላላቅ ውሳኔዎች አንዱ ይኼ ይመስለኛል፤ አስተዳደሩ «ጊዜው አልፏል» የሚለውን ቀላል መልስ አልመረጠም። ኢንካታ በአገር አቀፍ ደረጃ 10.5 በመቶ አገኘ፤ በክዋዙሉ ናታል ክልል ግን አሸነፈ። ናሽናል ፓርቲም 20.4 በመቶ አግኝቶ ዌስተርን ኬፕን ያዘ። በአገር ደረጃ የተሸነፉት ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው የሚያስተዳድሩት ክልል ነበራቸው ማለት ነው፤ ክልሎች ሥልጣን እንዲኖራቸው በድርድሩ ያን ያህል የታገሉት ለዚህ ነው።

ማዕከላዊው መንግሥትም በተመሳሳይ መንገድ ተዋቀረ። ከ400 መቀመጫ 80 ያገኘ ፓርቲ ምክትል ፕሬዚዳንት ይሰይማል፤ 20 ያገኘ የካቢኔ ድርሻ አለው። ናሽናል ፓርቲ 82 አገኘና ደ ክለርክ ከታቦ ምቤኪ ጎን ምክትል ሆኑ፤ ቡተሌዚ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር። በሰኔ 1996 ናሽናል ፓርቲ ከመንግሥቱ ወጣ። ወጣ፣ ተቃዋሚ ሆነ፣ አገር አልፈረሰም። የጋራ መንግሥት ጥቅሙ ድንጋጤው የሚያልፍበትን ጊዜ መግዛቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፓርላማ ተቃዋሚ ያስፈልገዋል።

ጎደሎውንም ልናገር። ላይኛው ስምምነት የተገዛው ከአጀንዳ ውጪ በተተዉ ነገሮች ዋጋ ጭምር ነው። የመሬትና የሀብት ጥያቄ በንብረት መብት አንቀጽ ውስጥ በጥንቃቄ ቃላት ታስሮ ቀረ፤ ሠላሳ ዓመት አልፎም ፖለቲካውን ያምሳል። ለኢኮኖሚው የተለየ የመግባቢያ ቦታ ተፈጥሮለት ነበር፤ በ1995 ሥራ የጀመረው ኔድላክ መንግሥትን፣ አሠሪን፣ ሠራተኛንና የማኅበረሰብ ድርጅቶችን ያገናኛል፣ የ1995ቱ የሠራተኛ ጉዳይ ሕግም በእሱ ድርድር የወጣ ነው። በ1996 ግን መንግሥት ዋናውን የኢኮኖሚ ፖሊሲ ለድርድር የማይቀርብ ብሎ አወጀው፤ የኔድላክ ክብደት ከዚያ በኋላ እንደ መጀመሪያው አልሆነም። አንድን የምክክር ተቋም ለመግደል ማፍረስ አያስፈልግም፤ ትልቁን ጉዳይ በጎኑ አሳልፎ ትንንሹን ለእሱ መተው ይበቃል።

ቱኒዚያ ይህንኑ በሌላ መልክ ታሳያለች። በ2013 ሹክሪ በላይድና መሐመድ ብራህሚ የተባሉ ሁለት የተቃዋሚ መሪዎች ተገድለው ሽግግሩ ሊፈርስ ሲል የሠራተኞች ማኅበር፣ የአሠሪዎች ማኅበር፣ የሰብአዊ መብት ሊግና የጠበቆች ማኅበር አራት ሆነው ድርድር ጠሩ። አራቱም መንግሥት አይደሉም፤ የሠራተኞች ማኅበሩ ግን አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ የመጥራት አቅም አለው። ትሕትናም ጉልበትም የያዘ ጠሪ ማለት ይህ ነው። ወደ አዳራሹ ለመግባት መጀመሪያ ፍኖተ ካርታውን መፈረም ግዴታ ነበር፤ 21 ፓርቲዎች ፈረሙ። መንግሥቱ በጥር 2014 ለገለልተኛ ካቢኔ ለቀቀ፤ ሕገ መንግሥቱ ከ216 ድምፅ 200 አግኝቶ ጸደቀ፤ በ2015 አራቱ የኖቤል ሰላም ሽልማት ተሸለሙ። እዚህ ድረስ የሚያኮራ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ትልልቆቹ ፓርቲዎች መግባባትን ከባድ ውሳኔ ማቆያ አደረጉት። ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ በአንድ ዓመት ውስጥ መቋቋም ነበረበት፤ በዳኞቹ ላይ መስማማት አልቻሉም፣ አቆዩት፣ አቆዩት። ሐምሌ 25 ቀን 2021 ፕሬዚዳንት ቃይስ ሰኢድ ፓርላማውን ሲያግዱ «ይህን ማድረግ ይችላሉ ወይስ አይችሉም?» ብሎ የሚፈርድ ፍርድ ቤት በአገሪቱ አልነበረም። የደቡብ አፍሪካው ፍርድ ቤት ግን በ1996 በቦታው ነበር።

ሰሜን አየርላንድን በአጭሩ፦ የ1998ቱ ስምምነት የሁለቱን ማኅበረሰቦች (ከብሪታንያ ጋር መቆየት የሚፈልጉትንና ከአየርላንድ ጋር መዋሐድ የሚፈልጉትን) የጋራ ስምምነት ቋሚ ደንብ አደረገው። ግድያው በአብዛኛው ቆመ፤ ይህ በራሱ ብዙ ነው። ነገር ግን ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች አንዱ ሲያኮርፍ መንግሥት የለም፤ ከ2017 እስከ 2020፣ እንደገና ከ2022 እስከ 2024 አስፈጻሚው ሳይሠራ ቀርቷል። በምክር ቤቱ ራሳቸውን ከሁለቱ ወገን በአንዱ ያልመደቡ አባላት ድምፅም በወሳኝ ጉዳዮች ላይ ያን ያህል አይመዝንም። የሚከስም ቀን የሌለው የእገዳ ሥልጣን ሰውን በታረቀበት ቀን በነበረው የመከፋፈያ መስመር ላይ አቁሞ ያስቀምጠዋል።

ስለ እኛ ሳልጽፍ ብቀር ተማሪዎችዎ አይለቁዎትም። ሽምግልና እንዳለን ሁሉም ያውቃል፣ ኃይሉንም አይተናል፤ በ2007 በሐምሌ የቅንጅት መሪዎች በይቅርታ የተፈቱት በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የሚመሩ ሽማግሌዎች መሐል ገብተው ነው። ሰው አስፈታ፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ለጠቡ መነሻ የሆነውን የምርጫ ደንብና አቆጣጠር የሚነካ ሥልጣን ግን ሽማግሌ አልነበረውም። የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1265 ሲቋቋምና ምክር ቤቱ በ2022 መጀመሪያ 11 ኮሚሽነሮችን ሲሾም ከተቃዋሚ ፓርቲዎች የተነሣው ቅሬታም ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ይመልሰናል፤ ማን ጠራ የሚል ነበር። በዚህ ላይ የትጥቅ ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ነፍጥ የያዙት ወገኖች በአብዛኛው ከአዳራሹ ውጪ ቆይተዋል። እኔ ከዚህ ተነሥቼ ይሳካል አይሳካም የሚል ትንቢት አልናገርም። ስለማንኛውም የምክክር ተቋም የምጠይቀው ግን ይታወቃል፦ ጠሪው ከሳሽም ተከሳሽም ያልሆነ ነው ወይ? ያለ ማን ስምምነት ይቀጥላል? የሚወጣው ውሳኔ በየትኛው አካል፣ በስንት ጊዜ ውስጥ ሕግ ይሆናል? አሸናፊው ነገ ቃሉን ቢያጥፍ የሚመልሰው ማን ነው?

ለክፍል የሚሆን ሥራ ከፈለጉ የ70 እና የ75ቱን ክርክር ይስጧቸው። ክፍሉን በመቀመጫ ይከፋፍሉት፤ ለአንዱ ቡድን 252፣ ለሌላው 82፣ ለሦስተኛው 43፣ የቀረውን 23 ለትንንሾች። የ1994 የመቀመጫ ክፍፍል ነው፤ እነ ራማፎሳ ሲከራከሩ ግን ይህን ቁጥር አያውቁትም ነበርና ቁጥሩን ለተማሪዎቹ የሚነግሯቸው የማጽደቂያውን ደንብ ከተስማሙ በኋላ ብቻ ይሁን። ከዚያ አሳውቀዋቸው ደንቡን እንለውጥ የሚሉ ካሉ እጅ ያስወጡ። 43ቱ ተነሥተው ለመውጣት ሲዘጋጁ የቀሩት የሚያደርጉትን ይመዝግቡልኝ፤ ብዙውን ጊዜ ውይይቱ ሞቅ የሚለው እዚያ ላይ ነው።